ከንፈሬን ያሰርኩበት ዓመት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በመጀመሪያው ዓመት የጣለኝ እንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡ ያኮራ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ግን እንግሊዝኛው ትንሽ ከፍ ቢል ኖሮ የሌላውን ጉድለት ይሸፍንልኝ ነበር። አልሸፈነም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ከሮብ ገበያ ከተማ ከፍ ብሎ ባለው መንደራችን ምክር ያልሰጠኝ ሰው አልነበረም። አንዱ ደብረ ማርቆስ ወርደሽ ሱቅ ተቀጠሪ ይለኛል። ሌላዋ ዕድል የተጻፈ ነው፣ አትታገይው ትለኛለች። አንድ የአባቴ ወዳጅ ደግሞ የፈረንጅ አፍ ለሴት ልጅ ምን ሊሠራላት ብሎ፣ እኔው የሠራሁትን ምሳ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ ሄደ። ሁሉንም እሺ፣ እሺ እያልኩ ሰማሁ። በልቤ ግን ቆርጬ ነበር፤ እንደገና እፈተናለሁ፣ አልፋለሁም።

ቆርጦ መነሣት ብቻውን ግን ጊዜ አይሰጥም። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቀናቸው የሚያልፈው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ በተማሪዎቻቸው ጎጆዎች መካከል ነው። የገብሱን መሬት የእኩል አራሽ ይዞልናል። ከቤታችን ጀርባ ያለው የድንች ማሳ ግን የእናቴና የእኔ ነበር፤ መትከሉም፣ መኮትኮቱም፣ መቆፈሩም። የጮቄ ብርድ በሚነፍስበት አገር ድንች ዓመቱን የሚያሻግር ነገር ነው፤ ላንብብ ተብሎ የሚተው ሥራ አይደለም። ስለዚህ ውሳኔዬን መጀመሪያ የነገርኩት ለእናቴ ነው። ዶማዋን ተደግፋ ቀና አለች።

«አንድ ዓመት ማሳውን ብቻዬን እችለዋለሁ፤ አንች አንብቢ» አለችኝ። «ሁለተኛውን ዓመት ግን ጉልበቴ አይችለውም። ያን ጊዜ እንዳትለምኚኝ።»

ጉልበቷን ከታመመች ቆይታ ነበር። ስትነሣ መሬቱን በእጇ ደገፍ ታደርጋለች፤ ስትቀመጥም አየር ላይ ትንሽ ቆይታ ነው። ያለችኝ ወዲያው ገባኝ። ያለኝ አንድ ዓመት ነው፤ እሱም የሚሄደው በእሷ ጉልበት ነው።

ችግሬን ለይቼ አውቀው ነበር። እንግሊዝኛ ላይ ትልልቆቹ ቃላት አይደሉም የሚያስቸግሩኝ፤ ትልቅ ቃል አንዴ ካጠኑት ያው ነው። የሚያስቸግሩኝ ትንንሾቹ ናቸው፤ ሁልጊዜ፣ በፍጹም፣ ቀድሞ፣ ምናልባት እንደማለት ያሉት፣ የሰዋስው መምህራን ተውሳከ ግስ የሚሏቸው። በአማርኛ እነዚህን ከግሱ በፊት ደስ ያለን ቦታ ጣል እናደርጋቸዋለን፤ ግሱ መጨረሻ ላይ መጥቶ ሁሉን ይዘጋዋል፤ ማንም አይጣላንም። እንግሊዝኛ ግን ግሱን ሁለትና ሦስት አድርጎ ይበትነዋል፤ አንዱ ረዳት ወዲህ፣ ሌላው ረዳት ወዲያ፣ ዋናው ግስ ከኋላ። ትንሿ ቃል በእነዚህ መካከል የራሷ ቦታ አላት። ፈተናው ላይ አራት ምርጫ ይሰጣል፤ በአራቱም ውስጥ ቃላቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያዩት በዚያች በአንዷ ቃል ቦታ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ያጠቆርኩት። መልሱን ሳውቀው ፈተናው አልፎ ነበርና ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

አስተማሪ የለም። በዚያ ዓመት በአገሩ የጸጥታ ችግር ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ፣ መምህራኑም ወደየአገራቸው ሄደው ነበር። ኔትወርኩም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። የነበረኝ ከገበያ የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍ ነው። አንድ ጠዋት ደጃፍ ተቀምጬ ያንኑ ምዕራፍ ሳገላብጥ፣ አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ቆም አሉና ማን ነው የሚሰማሽ አሉኝ። ማንም አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። በእሳቸው ዓለም ሰሚ የሌለው ትምህርት ትምህርት አይደለም፤ ተማሪ ያጠናውን መምህሩ ፊት ካላሰማ እንዳልተማረ ነው የሚቆጠረው። እርስዎ እንግሊዝኛ አያውቁ፣ ምን ብዬ ላሰማዎት አልኳቸው። ትንሽ ተበሳጭቼም ነበር፤ ያለብኝ ጣጣ አንሶ ነው ብዬ።

«ቋንቋውን አላውቀውም» አሉኝ። «የገባውንና ያልገባውን ሰው ድምፅ ግን እለያለሁ። ነገ ተማሪዎቹ ሲበተኑ ነይ። እዚያ ስትመጭ ደግሞ የኔታ ነኝ እንጂ አባትሽ አይደለሁም።»

በማግስቱ ሄድኩ። ከቅጥሩ አጠገብ ካለው ጥድ ሥር፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሆነው ጠበቁኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ትምህርቱ ስለ ምን እንደሆነ ነው። የቅኔ ትምህርት የሚጀመረው በግስ ስለሆነ፣ ስለ ግስ ነው ስላቸው ተመቻችተው ተቀመጡ። ረዳቱን ግስ፣ ዋናውን ግስ፣ መካከል የምትገባዋን ቃል አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ረዳቱ አንድ ቢሆን ከእሱ ቀጥላ ትገባለች፤ ረዳቶቹ ሁለት ቢሆኑም ከመጀመሪያው ቀጥላ ነው፤ ረዳት ከሌለ ግን ከግሱ ትቀድማለች አልኳቸው። እንግዳ ቤት ሲገባ ከአባወራው ቀጥሎ አይደል የሚቀመጠው አሉኝ። አባወራው ከሌለስ አልኳቸው። ከሌለማ እንግዳው ራሱ ፊት ይቀመጣል አሉ። ደንቡን እስካሁን የማስታውሰው በዚህ እንግዳ ነው። ከደንቡ የሚያፈነግጡም ነበሩ፤ በደንብ፣ በፍጥነት እንደማለት ያሉት፣ ሥራው እንዴት እንደተሠራ የሚናገሩት ቃላት፣ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ። እነሱን በር አጠገብ የሚቀመጡ እንግዶች አልናቸው።

ከዚያ እንደ ዳዊት መደገም ጀመርኩ። የመጽሐፉን ምሳሌዎች በቃሌ ይዤ ፊታቸው ቆሜ አሰማለሁ። «ሺ ሃዝ ኦልዌይስ ሊቭድ ሂር» እላለሁ፤ ሁልጊዜም የኖረችው እዚህ ነው ማለት ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ፣ መታ ያደርጋሉ። ድምፄ ከተደናቀፈ መቋሚያው ይቆማል። ከመጀመሪያው፣ ይሉኛል። መቋሚያው የቆመባት ቦታ ሁሉ እኔም በልቤ የተጠራጠርኩባት ቦታ ነበረች፤ ይህ መጀመሪያ አስደነገጠኝ፤ በኋላ ግን ተመካሁበት። ቤት ገብቼ መጽሐፉን ስከፍት እዚያው ቦታ ላይ ተሳስቼ አገኘዋለሁ።

እያደር ዓረፍተ ነገሮቹ ዜማ አወጡ። ደበሎ የለበሱት የአባቴ ተማሪዎች ውኃ ሲቀዱ ሃዝ ኦልዌይስ፣ ሃዝ ኔቨር እያሉ ሲያዜሙ ሰማኋቸው። ሊያሾፉብኝ ነው፤ ቦታውን ግን አልሳቱትም። ነገሩ የደብሩ ገበዝ ዘንድ ደርሶ፣ በቅኔ ጉባኤ ላይ የፈረንጅ ቋንቋ ምን ይሠራል ብለው አባቴን ጠየቋቸው። አባቴም፣ ሐዋርያት ሰባ ሁለት ቋንቋ ሲገለጥላቸው እንግሊዝኛው ብቻ ተለይቶ ቀረ የሚል የት እንደተጻፈ ቢያሳዩኝ አሁኑኑ እተዋለሁ ብለው መለሱላቸው። ገበዙ ስቀው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ሲያገኙኝ እንግሊዝኛው ከምን ደረሰ ይሉኝ ጀመር።

ከፋሲካ በኋላ ደብረ ማርቆስ አንድ ትምህርት ቤት ለግል ተፈታኞች ሞዴል ፈተና እንደሚሰጥ ሰማሁ። ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፍቶ ስለነበር ከሮብ ገበያ በሚኒባስ ወረድኩ። የእንግሊዝኛው ወረቀት ሲደርሰኝ ደስ አለኝ። ያው አራት ምርጫ፣ ያው አንድ ዓይነት ቃላት፤ የማውቃቸው ሰዎች የመጡ መሰለኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳነብ የመቋሚያው ምት በጆሮዬ መጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ሳላውቀው ጣቴ ዴስኩን መታ፣ መታ ያደርጋል፤ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ጭራሽ ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ ኖሯል። ፈታኟ መጥታ ከላዬ ቆመችና ከማን ጋር ነው የምታወሪው አለችኝ። ከማንም ጋር አልኳት። ከንፈርሽን እያየሁት አለችና ወረቀቴን ከእጄ ወሰደችው። እኔ የማስበው እንዲህ ነው ብዬ ላስረዳ ብሞክር ጎረምሳው አንገቱን ደፋ፤ ይኸው ምስክርሽ ብላ ወደ በሩ አመለከተችኝ። በር ድረስ ግን ተከትላኝ ወጣች።

«የማዝንልሽ ለዛሬው አይደለም» አለችኝ። «ዋናው ፈተና ላይ እንዲህ ብታደርጊ የእንግሊዝኛው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነው የሚሰረዝብሽ።»

ክፋት አልነበረባትም፤ ይህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፌ አፌን ጥርቅም አድርጌ አንድ ምሳሌ በልቤ ለማለት ሞከርኩ። አልሆነም። አፌን ስዘጋው ዜማው ይቆማል፤ ዜማው ሲቆም ቃሏ ቦታዋን ታጣለች። እናቴ ብቻዋን የኮተኮተችው ማሳ፣ አባቴ ከአድካሚ ጉባኤ በኋላ ተቀምጠው የሰሙኝ ሁሉ፣ በአንድ ከንፈር ሊሰረዝ ነው። እልህ ያዘኝ። ከንፈሬን ቆርጬ ቤት ትቼው የምሄድ ቢሆን ያን ቀን አደርገው ነበር።

ቤት ስደርስ ሁለቱም ነበሩ። የሆነውን ነገርኳቸውና መጨረሻ ላይ፣ ይህ ሁሉ በእርስዎ መቋሚያ የመጣ ነው አልኩ። ለአባት የማይባል ነገር ነው፤ ለየኔታማ ጭራሽ። እናቴ ክው ብላ አየችኝ። አባቴ ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም የጠፋባቸውን ነገር ያገኙ ይመስሉ ነበር።

«ዳዊት የሚደግም ሰው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል» አሉ። «ቅኔ የሚቆጥር ሰው ግን ከንፈሩ አይነቃነቅም። እኔ ዳዊት አስደገምኩሽ። ከነገ ጀምሮ ቅኔ ትቆጥሪያለሽ።»

ቅኔ መቁጠር ማለት የራስን አዲስ ግጥም በልብ መሥራት ነው። የአባቴ ተማሪዎች ቀን ቀን በየቁጥቋጦው ሥር ተበታትነው፣ ደበሏቸውን ተከናንበው፣ ዝም ብለው ይቆጥራሉ፤ አመሻሽ ላይ መጥተው ለየኔታ ይነግራሉ። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ለእኔም ደንቡ ያው ሆነ። የመጽሐፉ ምሳሌዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከለከሉ፤ በየቀኑ አንዲት የራሴን አዲስ ዓረፍተ ነገር በልቤ ሠርቼ ማምጣት አለብኝ። ከንፈሬስ አልኩ። ለእሱ መላ ያመጣችው እናቴ ናት። ጥግ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች ስትሰማ ቆይታ፣ ውኃ ጉረሽ አለችኝ፤ አፉ ውኃ የያዘ ሰው ምን ብሎ ያወራል።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ውኃ ጎርሼ መንገዱ ዳር ወዳለው ባሕር ዛፍ ሥር እሄዳለሁ። ዓረፍተ ነገሯ በልቤ ሳታልቅ ውኃውን መዋጥም መትፋትም የለም። መጀመሪያ አካባቢ ቃል ስፈልግ ከንፈሬ ሳላስበው ይከፈትና ነጠላዬ ይርሳል፤ በዚያ ብርድ የረጠበ ነጠላ ለብሶ መመለስ ነው። ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን መንገደኛው ነው። በእኛ አገር እንዴት አደርሽ ተብሎ የማይመልስ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። እኔ አፌ ሙሉ ነው፤ በአንገቴ እጅ እነሣለሁ። እነሱ ግን በአንገት ብቻ አይሄዱም፤ እናትሽስ፣ አባትሽስ፣ ከብቱስ ብለው ቆመው ይጠብቃሉ። ብዙም ሳይቆይ የየኔታ ልጅ ሰው አላናግር አለች፣ ፈተናው ነክቷታል ተባለ። አንዲት ጎረቤታችን ምን በደልኩሽ ብላ ቤት ድረስ መጣች። እናቴ፣ አፏ ውኃ ይዞ ነው ብላ ስታስረዳ ነገሩ ይብስ ተባባሰ፤ ጸበል ይዘው ይምጡላት ያለም ነበር። እኔ ግን አልተውኩም። ሰላምታቸውን ከፈተናው በኋላ በእጥፍ እመልስላቸዋለሁ አልኩ።

አመሻሽ ላይ የዕለቷን ዓረፍተ ነገር ለአባቴ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። እንግሊዝኛውን አያርሙትም፤ እሱን መጽሐፉን ከፍቼ ራሴ አመሳክራለሁ። እሳቸው የሚመረምሩት ሁለት ነገር ነው፤ አዲስ ናት ወይ፣ እውነት ናት ወይ። ይህች ሁለተኛዋ ጣጣ አመጣችብኝ። አንድ ቀን ቶሎ ልገላገል ብዬ «ዘ ፖቴቶስ ሃቭ ኦልሬዲ ቢን ደግ» አልኩና፣ ድንቹ ቀድሞ ተቆፍሯል ማለት ነው አልኳቸው። እናትሽ አሁንም ማሳው ውስጥ አይደለች ወይ አሉኝ። ምሳሌ ነው እኮ የኔታ አልኩ። ምሳሌ ብሎ ውሸት የለም፣ ሂጅና ሌላ ይዘሽ ነይ አሉኝ። ሁለት ረዳት አሰልፌ፣ እንግዳዋን በቦታዋ አስቀምጬ የሠራኋትን ዓረፍተ ነገር እንዲህ መለሱብኝ። ተናድጄ ወጣሁ፤ ተናድጄም ውኃ ጎረስኩ።

እውነት ስፈልግ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። የራሴን ነገር ስናገር ያቺ ትንሿ ቃል ቦታ አትቸገርም ነበር። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ዝናቡ ገና አሁን ጀመረ፤ ቁይ ያለችው አክስቴ ምናልባት በሰንበት ትመጣለች፤ ደጀንን በአውቶቡስ መስኮት እንጂ ወርጄ አላየሁትም። እነዚህን ሁሉ ቃሏን የት ላግባ ብዬ ሳልጨነቅ ሠራኋቸው። ከንፈሬም ቀስ በቀስ ሥራ እያጣ ሄደ።

ግንቦት ሲጋመስ አንድ ቀን የኮራሁባትን ይዤ ሄድኩ። «ማይ ማዘር ሃዝ ኔቨር ኮምፕሌይንድ» አልኳቸው። እናቴ አንድም ቀን አማርራ አታውቅም። አጭር ናት፣ ቦታዋን የጠበቀች ናት፣ ከልቤም የወጣች ናት፤ አባቴ ይወዷታል ብዬ አልተጠራጠርኩም። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ይህች አትሆንም» አሉኝ በመጨረሻ። «ውሸት ናት። እኔን በየማታው ታማርረኛለች። ጉልበቷ እንቅልፍ ነሥቷታል።»

የምገባበት ጠፋኝ። እናቴ ቀን ቀን ፊቴ ሲሆን አንድም ነገር ትንፍሽ ብላ አታውቅም፤ እኔም የጨከንኩት እሱን አይቼ ነበር። ከጥዱ ሥር በቀጥታ ወደ ማሳው ሄጄ ዶማውን ያዝኩባት። በቃኝ፣ ፈተናው ይቅር አልኳት፤ ይህን ስል ከልቤ ነበር። እሷ ዶማውን አልለቀቀችም። ሁለታችንም እጀታውን ይዘን ቆምን። ማን ነገረሽ አለችኝ፤ ነገርኳት። አባቴን በሆዷ ስትረግም ከፊቷ አነበብኩት።

«እና ባማርርስ» አለችኝ። «አፌ ነው የሚያማርረው፤ እጄ መች አቆመ። አንች ዶማዬን ልቀቂና ውኃሽን ጉረሽ።»

አለቀስኩ። ንዴትም ነበረበት፣ እሷን መውደድም ነበረበት፤ የትኛው እንደሚበዛ አላውቅም። እያለቀስኩ ወደ ቤት ገብቼ ውኃ ጎረስኩና ባሕር ዛፉ ሥር ሄድኩ። አፉ ውኃ የያዘ ሰው ሲያለቅስ በአፍንጫው መተንፈስ አለበት፤ ያን ቀን ተማርኩት። ከዚያ በኋላ ውኃው አንድም ጊዜ አልፈሰሰብኝም።

ዋናው ፈተና የተሰጠው ደብረ ማርቆስ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ከየወረዳው የመጣን ተፈታኞች እዚያው እያደርን ሰነበትን። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ዝናቡ ጣራውን ይደበድበዋል፤ ሴቶቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ሲያጠኑ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አፌን ዘግቼ እናቴን፣ ማሳውን፣ ዝናቡን በእንግሊዝኛ እቆጥራለሁ። በእንግሊዝኛው ቀን ውኃ ይዞ መግባት አልተፈቀደም። ምላሴን ከላይኛው ጥርሴ ጀርባ አጣብቄ ተቀመጥኩ። ፈታኙ በየረድፉ እየሄደ ጎንበስ ብሎ የሰው ፊት የሚያይ ሰው ነበር።

የፈራኋት ጥያቄ መጣች፤ አራት ምርጫ፣ አንድ ዓይነት ቃላት። የመቋሚያውን ምት አልጠራሁትም። ጥያቄው ውስጥ ያለውን የማላውቀውን ፈረንጅ አስወጣሁና እናቴን አስገባሁበት። ስለ እሷ ከሆነ ቃሏ የት እንደምትገባ አውቃለሁ። ሁለተኛዋንም እንዲሁ፣ ሦስተኛዋንም እንዲሁ። ፈታኙ እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። እጄን አየ፣ ፊቴን አየ፤ ከንፈሬ ተዘግቷል። ወደ ቀጣዩ ረድፍ አለፈ። ስወጣ መንጋጋዬ ታሞ ነበር፤ አብራኝ የተፈተነች ልጅ እንዴት ነበር ብትለኝ ቶሎ መመለስ አቃተኝ።

ክረምቱ ረዘመብኝ። ከፈተና እንደተመለስኩ ዶማውን ስጭኝ ብላት እናቴ እምቢ አለች። ዓመት ብዬሻለሁ፣ ውጤቱ ካልመጣ ዓመቱ አላለቀም አለችኝ። ውጤቱ ሳይመጣ መጽሐፉን ብናስቀምጠው ይቆጨናል ስትል፣ እሷ ራሷ ወድቄ እንዳይሆን መፍራቷን አወቅሁ። አብሬያት በእጄ አረምኩ፤ ዶማውን ግን አልሰጠችኝም። አባቴም የዕለቷን ዓረፍተ ነገር መስማት አላቆሙም። ምክር ሰጪዎቹም ተመለሱ፤ ሱቅ መቀጠሩ አሁንም አልመሸብሽም አሉኝ።

መስከረም ላይ፣ በሮብ ቀን ገበያ ወርጄ፣ ኔትወርክ ባለበት ጥግ ቆሜ ውጤቴን ስልክ ላይ አየሁት። ደግሜ አየሁት። አልፌ ነበር፤ ከሁሉም ከፍ ያለውም እንግሊዝኛው ነው። እልል ልበል ብዬ ድምፄ እምቢ አለኝ፤ ከንፈሬ ዓመት ሙሉ ታስሮ ነበርና። ወደ ቤት ስወጣ ግን ከመንገድ ያገኘሁትን ሁሉ እያቆምኩ ሰላም አልኩ። እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ገብሱስ እንዴት ነው አልኳቸው። ምን በደልኩሽ ብላ ቤት ድረስ የመጣችውን ጎረቤታችንን ጉንጯን ደጋግሜ ሳምኳት። አሁን ደግሞ በዛ አለችኝ።

አባቴና እናቴ ማሳው ዳር ነበሩ፤ እሳቸው ቆመው፣ እሷ ልትቆፍር ዶማዋን ይዛ። አልፌያለሁ አልኳቸው። እናቴ ተመስገን ብላ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች፤ ያን ቀን ስትቀመጥ አየር ላይ አልቆየችም። አባቴ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ የዛሬዋስ አሉኝ።

መንገድ ላይ ቆጥሬያት ነበር። «ማይ ማዘር ሃዝ ኦፍን ኮምፕሌይንድ፣ በት ሺ ሃዝ ኔቨር ስቶፕድ።» ለእናቴም በአማርኛ ነገርኳት፤ እናቴ ብዙ ጊዜ አማርራለች፤ አቁማ ግን አታውቅም። አባቴ ይህች ሆነች አሉ። በዚያ ዓመት ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ ይህን የሚያህል ደስ ያለኝ የለም፤ ውጤቱንም ጨምሮ።

«ማማረሬን ለምን ከተትሽው» አለች እናቴ።

እሱ ከወጣ ውሸት ትሆናለች አሏት አባቴ። እናቴ አጠገቧ የተጋደመውን ዶማ አነሣችና እጀታውን ወደ እኔ አዙራ ዘረጋችልኝ። ዓመቱ አለቀ አለችኝ።

በማግስቱ ድንቹን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ከንፈሬን ፈትቼ ለቀቅሁት፤ የመጽሐፉንም የራሴንም፣ ያጠናሁትን ሁሉ በዜማ እያልኩ፣ በዶማዬ መሬቱን እየመታሁ ቆፈርኩ። እናቴ ከማሳው ዳር ተቀምጣ ጉልበቷን ፀሐይ እያሞቀች፣ ድንቹን በዶማ እየከፈልሽ ፈጀሽብኝ፣ ያንን ሥር ዘለልሽው እያለች፣ ፊት ለፊቴ ስታማርረኝ ዋለች።